ለየቲሞች የሚውል የኢንተርኔት ጨረታ፦ ገንዘቡ ወደየትኛው ማኅበር ይሂድ?



በመስጂድ ማሠሪያና በመድረሳ ገቢ ማሰባሰቢያ ፕሮግራሞች ላይ ጨረታ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ጀበና ወይም አንድ የሐረር ስፌት ለጨረታ ይቀርባል፤ አሸናፊው ዋጋውን ይከፍልና ዕቃውን መልሶ ለጨረታ ይሰጣል፤ እንዲህ እየተባለ አንዱ ዕቃ በአንድ ምሽት ሦስትና አራት ጊዜ ይሸጣል። ይኸው ልማድ አሁን ወደ ኢንተርኔት ተሸጋግሯል። የአንድ ሠፈር ወይም የአንድ ከተማ ማኅበረሰብ አባላት ዕቃቸውን በድረ ገጽ ላይ ያቀርባሉ፤ ተጫራቾች በየቤታቸው ሆነው ዋጋ ይሰጣሉ፤ ሽያጩ ሲዘጋ ገንዘቡ ሻጩ ወይም ገዢው ለመረጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ገቢ ይሆናል።

በአዳራሽ በሚካሄደው ጨረታና በዚህኛው መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። በአዳራሹ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነው። መስጂዱ እዚያው ነው፤ ኮሚቴውም ፊት ለፊት ተቀምጧል። በኢንተርኔቱ ጨረታ ግን የድርጅቶች ዝርዝር ይቀርብልንና ከመካከላቸው ምረጡ እንባላለን። ብዙዎቻችን ስለ ዕቃው ዋጋ ግማሽ ሰዓት ስንመራመር ቆይተን፣ ድርጅቱን ግን በስሙ ማማር ወይም በፎቶግራፉ አሳዛኝነት በግማሽ ደቂቃ እንመርጣለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህችን ግማሽ ደቂቃ ጥቂት ማርዘም ነው።

የመጥረቢያው ዲርሃም

በጨረታ መሸጥ በሸሪዓችን «በይዑል ሙዛየዳ» ይባላል። ስለ ፈቃደኝነቱ ሊቃውንት ከሚያነሷቸው መረጃዎች አንዱ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ታሪክ ሲሆን አቡ ዳዉድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። በሰነዱ ላይ የተነጋገሩ የሐዲስ ሊቃውንት ቢኖሩም ቲርሚዚ ሐሰን ብለውታል። ከአንሷሮች ወገን የሆነ አንድ ችግረኛ ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። በቤቱ ምን እንዳለው ሲጠየቅ ከፊሉን የሚለብሰው፣ ከፊሉን የሚያነጥፈው አንድ ሸካራ ጨርቅና አንድ የውኃ መጠጫ ዋንጫ ብቻ እንዳለው ተናገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕቃዎቹን አስመጥተው በእጃቸው ያዙና ማን እንደሚገዛቸው ጠየቁ። አንዱ አንድ ዲርሃም ሰጠ። የሚጨምር ሰው እንዳለ ደጋግመው ሲጠይቁ ሌላው በሁለት ዲርሃም ወሰዳቸው።

በአቡ ዳዉድ ዘገባ ከዚህ የሚቀጥለው ክፍል ለጉዳያችን ይበልጥ ያስፈልገናል። ሁለቱም ዲርሃሞች ለባለ ዕቃው ተሰጡት፤ በአንደኛው ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሁለተኛው መጥረቢያ እንዲገዛ ታዘዘ። መጥረቢያውን ሲያመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገዛ እጃቸው እጀታ አደረጉለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ እስከ 15 ቀን ድረስም እንዳይታያቸው ነገሩት። ሰውየው ሲመለስ 10 ዲርሃም አግኝቶ ነበር።

በዚህ ጨረታ ውስጥ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ይታወቃል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ሳይበተን በፊት ተወስኗል። ግማሹ ለዛሬ ረሃብ፣ ግማሹ ለነገ ሥራ ነው። ውጤቱ የሚታይበት ጊዜም ተቆርጧል። ዛሬ አንድ ድርጅት በብዙ ገጽ የሚያቀርበው የፕሮጀክት ሰነድ ከዚህ የተለየ ጥያቄ አይመልስም።

ጨረታው ራሱ ንጹሕ ይሁን

በዚህ ረገድ ሰፊ ሐተታ አያስፈልግም፤ ጥቂት ነጥቦችን ብቻ እናስታውስ። ዋጋ ለማስወደድ ብቻ፣ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ዋጋ መጥራት «ነጀሽ» ይባላል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተከልክሏል፤ ገንዘቡ ለየቲም የሚውል መሆኑም ክልከላውን አያነሳውም። «ለኸይር ነው» እያሉ በሁለት ስም ተመዝግበው የራሳቸውን ዕቃ ዋጋ የሚያንሩ ሰዎች ይህን ሊያውቁ ይገባል። የዕቃው ጉድለት በግልጽ መጻፍ አለበት። ዋጋ በሰጡ ቁጥር የማይመለስ ክፍያ የሚያስከፍሉ የጨረታ ዓይነቶችና ትኬት ገዝቶ ዕጣ የሚጠበቅባቸው ቶምቦላዎች ደግሞ ከሙዛየዳ ጋር አይገናኙም። በእነዚህ ተሸናፊው ገንዘቡን በከንቱ ስለሚያጣ ጉዳዩ ወደ ቁማር ያመራል። በትክክለኛው ጨረታ ያላሸነፈ ሰው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም።

የትኛው ክፍል ሰደቃ ነው?

እንበልና 3,000 ብር የሚያወጣ ጋቢ አንዲት እኅት ለጨረታ ሰጠች፤ አንድ ወንድም በ5,000 ብር አሸነፈ። ድርጅቱ 5,000 ብር ያገኛል። እኅታችን የ3,000 ብር ጋቢ ሰጥታለች። ገዢው ደግሞ በ3,000 ብሩ ጋቢ ገዝቷል፤ ነይቶ እንደሆነ ሰደቃ የሚሆንለት ከገበያ ዋጋ በላይ የጨመረው 2,000 ብር ነው። የሁለቱም ኒያ ከተስተካከለ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ገዢው 5,000 ብሩን በሙሉ ከዘካው ሊያስብ አይችልም፤ ለአብዛኛው ገንዘብ ምትክ ዕቃ ተቀብሏልና። ዘካ በአት-ተውባ ምዕራፍ 60ኛው አንቀጽ ለተጠቀሱት ስምንት ክፍሎች ያለ ምትክ የሚሰጥ ሐቅ ነው። ስለዚህ ዘካን ከጨረታ ለይቶ በቀጥታ መስጠት ከጥርጣሬ ይጠብቃል። በዚህ አጋጣሚ፣ የቲም መሆን ብቻውን ከስምንቱ ክፍሎች አንዱ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። የቲሙ ከዘካ የሚያገኘው ድኻ ወይም ሚስኪን ሲሆን ነው። አባቱ ሀብት ትቶለት የሞተ ልጅ የሚያስፈልገው ዘካ ሳይሆን ንብረቱን የሚጠብቅለት ሰው ነው።

የሚገርመው፣ የአሜሪካ የግብር ሕግም በበጎ አድራጎት ጨረታ ላይ ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል። ተጫራቹ ከግብር ሊያስቀንስ የሚችለው ከዕቃው የገበያ ዋጋ በላይ የከፈለውን ብቻ ነው፤ ክፍያው ከ75 ዶላር ከበለጠም ድርጅቱ የዕቃውን ግምት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጽሑፍ የሚሰጥ ድርጅት ቢመርጡ ለሒሳባቸውም ለኒያቸውም ይበጃል።

ከዚሁ ጋር ሻጩ ከዋጋው ምን ያህሉን እንደሚሰጥ ማጣራት ያሻል። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢቤይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዘረጋው የበጎ አድራጎት አሠራር ሻጩ ከሽያጩ ከ10 እስከ 100 በመቶ ለመረጠው ድርጅት መስጠት ይችላል። 300 ዶላር በተሸጠ ላፕቶፕ ላይ ሻጩ የመደበው 10 በመቶ ከሆነ ድርጅቱ የሚያገኘው 30 ዶላር ነው። ገዢው ግን 300 ዶላር ለየቲሞች እንደሰጠ እያሰበ ሊተኛ ይችላል። የሠፈር ጨረታ የሚያዘጋጁ ወገኖች መቶኛውን ከዕቃው ስም አጠገብ በጉልህ ቢጽፉ ከብዙ ቅሬታ ይድናሉ።

ቅርብ የሚባለው የትኛው ነው?

በአል-በቀራ ምዕራፍ 215ኛው አንቀጽ የልግስና ተቀባዮች ሲዘረዘሩ ከወላጆችና ከዘመዶች ተነሥቶ ወደ የቲሞች፣ ወደ ሚስኪኖችና ወደ መንገደኞች ይደርሳል። ለዘመድ የሚሰጥ ሰደቃ የሰደቃም የዝምድና መቀጠልም ምንዳ እንዳለው በሐዲስ መጥቷል። ከዚህ በመነሣት ብዙ ሊቃውንት የአካባቢን ችግረኛ ማስቀደምን መርጠዋል። ለእኛ ደግሞ ቅርበት ሌላም ጥቅም አለው፦ ቅርብ ያለውን ድርጅት በእግር ሄደን ልናየው እንችላለን። ጽሕፈት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ልጆቹ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚማሩ፣ የጎረቤት እናቶች ስለ ድርጅቱ ምን እንደሚሉ መጠየቅ ይቻላል። የጎረቤት ምስክርነት ከማንኛውም ያማረ መጽሔት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

በውጭ ሀገር ለሚኖር ቤተሰብ «ቅርብ» የሚለው ቃል ሁለት አድራሻ አለው። አንዱ የሚኖርበት ከተማ ነው፤ በዚያ አባታቸውን ያጡ የስደተኛ ልጆች፣ የመስጂዱ የምግብ ማከፋፈያ፣ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነውን ሁሉ የሚረዳ የሠፈር ድርጅት ይገኛል። ግዴታ ያልሆነ ሰደቃን ሙስሊም ላልሆነ ችግረኛ መስጠት እንደሚፈቀድ ሊቃውንት ገልጸዋል። ሁለተኛው አድራሻ የተወለደበት ቀበሌ ነው፤ ለዚያኛው ዓይን የሚሆነው እዚያ የሚኖር ዘመድ ነው። ገንዘብ ከመላክ በፊት ዘመድን አንድ ከሰዓት በኋላ ልኮ ድርጅቱን ማስጎብኘት ከባድ ሥራ አይደለም።

ወረቀቱን መመልከት

በኢትዮጵያ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚተዳደሩት በ2001 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 621 በተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ድርጅቱም ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል። ስለዚህ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱንና የመጨረሻውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት ለማየት መጠየቅ ለጋሹን ተጠራጣሪ አያሰኘውም። የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ እድሮችና እቁቦች ግን በዚህ አዋጅ የሚመዘገቡ አይደሉም። ይህ ማለት አይታመኑም ማለት አይደለም፤ ብዙ የቲሞች የሚያድጉት በእድርና በጀማዓ እጅ ነው። ማስረጃው ከሌላ ቦታ ይፈለጋል ማለት ነው፦ ገንዘቡ በግለሰብ ስም ነው ወይስ በኮሚቴው ስም ባንክ የገባው? ለማውጣት ስንት ፊርማ ያስፈልጋል? ሒሳቡስ በጀማዓው ፊት ይነበባል?

በአሜሪካ 501 ሲ 3 በሚባለው የሕግ ክፍል የተመዘገቡ ድርጅቶችን ስም በገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ማንም መፈለግ ይችላል፤ በየዓመቱ የሚያቀርቡት ቅጽ 990ም ለሕዝብ ክፍት ነው። መስጂዶች ግን እንደ ሌሎቹ የአምልኮ ቤቶች ይህን ቅጽ እንዲያቀርቡ አይገደዱም፤ ቅጹ ስለታጣ ብቻ መስጂዱን መጠርጠር አይገባም። በእንግሊዝና በዌልስ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ25,000 ፓውንድ በላይ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሒሳባቸውን ለቻሪቲ ኮሚሽን ስለሚያቀርቡ ማንበብ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከምዕራባውያን የተቀዳ የሚመስለው ሰው ካለ የአን-ኒሳእን ምዕራፍ 6ኛ አንቀጽ ያስተውል። የየቲም ሞግዚት ሀብታም ከሆነ ከየቲሙ ገንዘብ እንዲቆጠብ፣ ድኻ ከሆነ በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ንብረቱን ሲያስረክብም ምስክር እንዲያቆም ታዟል። የአስተዳደር ወጪ ልክና የኦዲት መርሕ እዚያው አለ። የድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ መውሰዱ ነውር እንዳልሆነም ከዚሁ እንረዳለን፤ በዘካ ላይ የሚሠሩ ሰዎችም ከስምንቱ ክፍሎች አንዱ ናቸው። «ከሰጣችሁት አንዲት ሳንቲም ለአስተዳደር አትውልም» የሚል ማስታወቂያ ሲገጥመን ታዲያ የሒሳብ ሠራተኛውን ማን እንደሚከፍለው መጠየቅ ተገቢ ነው። መልስ ካለው መልካም፤ ለምሳሌ አንድ ባለሀብት ወይም ወቅፍ ወጪውን ችሎት ሊሆን ይችላል። መልስ ከሌለው ግን ማስታወቂያው እውነቱን አልነገረንም።

ስለ ልጆቹ የሚጠየቅ ጥያቄ

በፊቅህ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። በመሆኑም አብዛኞቹ የቲሞች እናት አላቸው፤ አያት፣ አጎትና አክስት አላቸው። ድርጅቱ ልጁን ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዲያድግ ይረዳል ወይስ ወደ ማሳደጊያ ይሰበስበዋል? በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የልጆች ክብካቤ መመሪያ የቤተሰብንና የማኅበረሰብን እንክብካቤ ያስቀድማል፤ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርጋል። በእስልምናም ከፋላ የልጁን የዘር ሐረግና ስም ሳይነካ ማሳደግ ነው። እናቱ ድኻ በመሆኗ ብቻ ልጁን ከእቅፏ ለሚያወጣ ድርጅት ከሚሰጥ ገንዘብ ይልቅ፣ ለእናቱ የልብስ ስፌት መኪና ለሚገዛው የሚሰጠው ወደ መጥረቢያው ዲርሃም ይቀርባል።

ፎቶግራፍንም እናንሳ። በጨረታ ገጾች ላይ የሚያለቅሱ ሕፃናት ምስል ከነሙሉ ስማቸውና ከነሠፈራቸው ሲወጣ እናያለን። ያ ልጅ ነገ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ጓደኞቹ ምስሉን ያገኙታል። ሰደቃ በመመጻደቅና በማስከፋት እንደሚበላሽ በአል-በቀራ ምዕራፍ 264ኛው አንቀጽ ተነግሮናል። የልጆችን ፊት ሳያሳዩ የሠሩትን በቁጥርና በደረሰኝ የሚያስረዱ ማኅበራት አሉ። ጨረታው ላይ ጎልተው አይታዩ ይሆናል፤ ቅድሚያ የሚገባቸው ግን እነርሱ ናቸው።

የጨረታ ገንዘብ ለምን ይሁን?

ለጋሾች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር ይህ ነው። የየቲም ፍላጎት ወርኃዊ ነው፤ የጨረታ ገቢ ግን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለዚያውም አንዴ በዝቶ አንዴ አንሶ የሚመጣ ነው። አንድ ማኅበር ለአንድ ልጅ በወር 1,500 ብር ይሰጣል እንበል። ለ20 ልጆች የዓመቱ ወጪ 360,000 ብር ይሆናል። ጨረታው 120,000 ብር ቢያስገኝ 20ዎቹን ልጆች የሚያቆያቸው ለአራት ወር ብቻ ነው። በአምስተኛው ወር ምን ይሆናል? ድጎማ የተቋረጠበት ልጅ ከመጀመሪያውኑ ካልተሰጠው ልጅ ይልቅ ይጎዳል፤ እናቱ በተስፋው ላይ ቤት ተከራይታለችና።

ስለዚህ ወርኃዊ ከፋላን በቋሚ ለጋሾች፣ በጨረታ የተገኘውን ደግሞ አንዴ ተከፍሎ በሚያልቅ ጉዳይ ላይ የሚያውል ማኅበር ይመረጥ። የመስከረም ወር የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ፣ የሕክምና ክፍያ፣ የእናት የሥራ መሣሪያ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ጥገና፣ ለወቅፍ የሚሆን ንብረት ግዢ ለዚህ ተስማሚ ናቸው። ድርጅቱ «በጨረታው ስድስት ልጆችን ለአንድ ዓመት እንይዛለን» ካለ ደግሞ ሒሳቡ 108,000 ብር ስለሆነ ከ120,000 ብሩ ይበቃዋል፤ ይህ የታሰበበት ቃል ነው።

ዝርዝሩን ማብዛትም ጥቅም የለውም። አማዞን ከ2013 እስከ የካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ባካሄደው የስማይል ፕሮግራም ገዢዎች ለመረጡት ድርጅት ከግዢያቸው ግማሽ በመቶ ይሰጥ ነበር። ሲዘጋው ያቀረበው ምክንያት ድርጅቶቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በመሆናቸው ገንዘቡ ተበታትኖ ፋይዳው አነሰ የሚል ነበር። ትንሽ የሠፈር ጨረታ 30 ድርጅቶችን ዘርዝሮ ለእያንዳንዳቸው 4,000 ብር ከሚያደርስ፣ አስቀድሞ የተጎበኙ ሦስት ወይም አራት ድርጅቶችን ቢያቀርብ ይሻላል።

ለአዘጋጆች ጥቂት ማሳሰቢያ

አሸናፊው ሳይከፍል ቢቀር ምን እንደሚደረግ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ይጻፍ። ዕቃው ለሁለተኛው ተጫራች ከተላለፈ እርሱ ራሱ በጠራው ዋጋ፣ በፈቃዱም መሆን አለበት። ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ ወይም በዓይነቱ ለድርጅቱ ይሰጥ እንደሆነ ባለቤቱ ራሱ ይወስን። ከታሰበው በላይ ገንዘብ ቢገኝ ትርፉ የት እንደሚሄድም እንዲሁ አስቀድሞ ይገለጽ፤ ለጋሽ ለተወሰነ ዓላማ የሰጠውን ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ ማዞር አማናን ይነካልና። የተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ፣ የድረ ገጹና የባንክ ክፍያ ተቀንሶ ለእያንዳንዱ ድርጅት የደረሰው መጠን፣ ከድርጅቱ ደረሰኝ ጋር በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለተሳታፊዎች ሁሉ፣ ላላሸነፉትም ጭምር ይላክ። ወላሁ አዕለም።